ግንብ ያለው ሳጥን፣ መስጊድ ያለው ኮረብታ

እ.ኤ.አ. በ1978 ቢሉንድ ከምትባል የዴንማርክ ከተማ አንድ ቢጫ ግንብ በሳጥን ታሽጎ ለገበያ ወጣ። መለያ ቁጥሩ 375 ነው። ሳጥኑ ሲከፈት 767 የፕላስቲክ ፍሬ ይወጣዋል፤ ከነሱም 14 ጥቃቅን ሰዎች፣ ጋሻ፣ ጦር፣ የራስ ቁርና በገመድ እየተጠቀለለ የሚነሣ ድልድይ ይሠራሉ። ግድግዳው ተገጣጥሞ ሲያልቅ እንደ በር ይከፈትና ልጁ እጁን እስከ ግቢው ያስገባል። ፈረሶቹ ገና እንደ ፈረስ የተቀረጹ አልነበሩም፤ ልጁ ራሱ ጡብ እየደረደረ አንገትና ጀርባ ያበጅላቸዋል። በፈረሰኞቹ ደረት ላይ ያለው ዓርማም የሚለጠፍ ወረቀት ነበር። ግንቡ ለምን ቢጫ እንደሆነ ሰብሳቢዎች ሲያወሩ፣ የመጫወቻው ሠሪ የሌጎ ኩባንያ ባለቤቶች ግራጫ ጡብ በብዛት ከሸጥን ልጆች ታንክ ይሠሩበታል ብለው ሰግተው ነበር ይላሉ። እውነትም ይሁን አይሁን፣ ወሬው ከግንቡ ጋር አብሮ ይሸጣል።

በዚያው ዓመት ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች መዘገበ። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የኢትዮጵያ ናቸው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አዲስ አበባ ያን ጊዜ በቀይ ሽብር ስትታመስ ነበር፤ ኦጋዴን ውስጥም ጦርነት ነበር። ቢጫውን ግንብ ለልጁ ልግዛ ብሎ የተጨነቀ አባት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ሁለቱን ዜናዎች ያጋጠምኳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም መካከለኛውን ዘመን ይነካሉ። ቢሉንድ ያንን ዘመን ልጅ ጉልበቱ ላይ እንዲያስቀምጠው አሳንሳ ሸጠችው፤ ዩኔስኮ ላሊበላን የመሰለውን፣ ከዘመኑ ቆሞ የቀረውን፣ በመዝገብ ያዘ። በሁለቱ መካከል ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት ከሸዋ ሮቢት በላይ ወዳሉት የይፋት ኮረብታዎች መሄድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግን ስለ ሳጥኑ።

ሌጎ የተመሠረተው በእንጨት ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል የቢሉንድ አናጢ በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ሥራ ሲጠፋበት እ.ኤ.አ. በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። የፕላስቲክ ጡቡ በ1949 መጣ፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ ሲቀመጥ በደንብ አይያዝም ነበር። መላው የተገኘው በ1958 ነው። ከላይ ያሉት ጉብታዎች ከሥር ባሉት ቱቦዎች መካከል ተጣብቀው እንዲገቡ ተደረገና ጥር 28 ቀን የባለቤትነት መብቱ ተመዘገበ። ያን ዓመት የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ቅርጹ የሚወጣበት ብረት የሚፈቅደው ስሕተት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያነሰ ስለሆነ ነው። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸውን ስድስት ጡቦች ብቻ ለልጅ ብትሰጡት በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጥማቸው ይችላል። ይህን ያሰላው የሒሳብ ሊቅ ዴንማርካዊ ነው፤ የሀገሩ ልጅ ባይሆን ኖሮ ማን ይቆጥር ነበር?

ቢጫው ግንብ ከዚህ ሥርዓት የተወለደ የመጀመሪያው የመካከለኛ ዘመን ዓለም ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው የፕላስቲክ መጫወቻ ኩባንያ፣ የጀርመኑ ፕሌይሞቢል፣ በ1974 ወደ ገበያ ሲገባ ካወጣቸው የመጀመሪያ ሰዎቹ መካከል ፈረሰኞች ነበሩበት። ሌጎ ግን በ1984 ነው ነገሩን ያከረረው። ግራጫው ግንብ መጣ፤ ፈረሱ እንደ ፈረስ ተቀረጸ፤ ወገኖችም ተፈጠሩ። አንዱ ወገን በጋሻው ላይ አንበሳ፣ ሌላው ጥቁር ጭልፊት ያዘ። በ1987 ጫካ የገቡት መጡ፤ አረንጓዴ ለብሰው በዛፍ ግንድ ውስጥ የሚደበቁ፣ ቀስት የሚወረውሩ፣ እኛ ብንሆን ያለ ማመንታት ሽፍታ የምንላቸው። በ1992 የተኩላ ዓርማ ያላቸው ዘራፊዎች፣ በ1993 ዘንዶና ጠንቋይ ተጨመሩ። ብዙ ሰብሳቢዎች እዚህ ላይ ነው የሚጨቃጨቁት። ዘንዶው ከመጣ በኋላ ነገሩ ተረት ሆነ የሚሉ አሉ፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ጫካ የገቡት ሽፍቶች ስንቅ ይፈልጋሉ፣ ዝናብ ይመታቸዋል፣ ሰው ይከዳቸዋል። ጠንቋይ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ማሰብ አያስፈልገውም።

የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ደመወዝም አላቸው። የአሮጌ ሌጎ ገበያ የቆመው በነሱ ነው። ሰብሳቢው ሳጥን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙሉ ነው ወይ ብሎ ነው። የአገጣጠም መመሪያው አለ? ያልተለጠፈው ዓርማ በወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው? የፈረሰኛው የራስ ቁር መሸፈኛ አልጠፋም? የሰዎቹ ደረት በብብታቸው በኩል እንደ ብርጭቆ የመሰንጠቅ ልማድ ስላለው ሻጩ ያንን ጎን በፎቶ አያሳይም። ነጩና ግራጫው ጡብ በመስኮት አጠገብ ከቆየ ይወይባል፤ ይህን ለመመለስ ጸጉር በሚያነጡበት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነክረው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ አሉ። አንዳንዱ ይህ ማደስ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ማበላሸት።

እ.ኤ.አ. በ2000 ብሪክሊንክ የሚባል የኢንተርኔት ገበያ ከተከፈተ ወዲህ አንድ የጎደለ ጋሻ ፍለጋ ዓለምን ማዞር ቀላል ሆኗል። እያንዳንዱ ፍሬ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ከጻፍክ ኦስትሪያ ያለ ሰው ለካናዳ ሰው በፖስታ ይልክለታል። ሌጎ ራሱ በ2019 ያንን ገበያ ገዛው። ሁለት ሩሲያውያን ተመራማሪዎች ደግሞ በ1987 እና በ2015 መካከል የወጡትን የሌጎ ሳጥኖች ዋጋ አጥንተው፣ ያልተከፈተ ሳጥን በአማካይ በዓመት ቢያንስ 11 በመቶ ያተርፋል አሉ። ትርፉ እየታወቀ ሲሄድ መጫወቻውን የሚገዛው ሰው ዓይነት ተለወጠ። ሳጥኑን ፈጽሞ የማይከፍት ሰብሳቢ መጣ። በ2022 ኩባንያው 90ኛ ዓመቱን ሲያከብር የአንበሳ ፈረሰኞችን ግንብ በ4,514 ፍሬ ዳግመኛ ሲያወጣው ዋጋው ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ግማሹ ገዢ ለልጁ ሳይሆን ለራሱ የልጅነት ዘመን እንደገዛው ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከደብረ ብርሃን በኋላ በጉምና በብርድ ወደ ጣርማ በር ይደርሳል። ጣሊያኖች የበሱትን ዋሻ አልፎ ሲወጣ መሬቱ እንደ ተገመሰ ሆኖ ይታያል። ደብረ ሲና ቆሎ እየሸጠች ታሳልፋለች፤ ከዚያ ቁልቁለት ብቻ ነው። ጋቢ የለበሰው ያወልቃል፣ የአውቶቡሱ መስኮት ይከፈታል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ጫፍ በ1,280 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይገባል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሮቢ ወንዝ ሜዳውን ያጠጣዋል። ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ጤፍና ማሽላ ይበቅላል፤ ማሾ የዚህ ቆላ መታወቂያ ሆኗል፤ ትምባሆም ለብዙ ዘመን በመስኖ ተተክሎበታል። ከዚያ በስተ ሰሜን አጣዬና ካራ ቆሬ፣ ወደ ምሥራቅ የአፋር በረሃ ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ግመል፣ ፍየል፣ ጨው፣ ቡናና ቅቤ ይዞ የሚገናኘው ሕዝብ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ2021 ይህን መስመር ሁሉ አልፎበታል፤ አጣዬ በዚያ ዓመት ነደደች፣ ሸዋ ሮቢትም ጦር ገባባት።

እዚህ የፕላስቲክ ግንብ አላየሁም። ያየሁት ማሽላው በታጨደበት ማሳ ዳር የተቀመጡ ሁለት ወንድማማቾችን ነው። ታላቁ ጥንቅሽ እየጋጠ ምጣጩን ይተፋል፤ ታናሹ ግን ከጎኑ ያለውን የማሽላ አገዳ በጥርሱ እየላጠ ሥራ ይዟል። ልጣጩን እንደ ስንጥር አሹሎ ወደ አገዳው ለስላሳ ሆድ ይሰካዋል፤ ያ ስንጥር ሁለት አገዳ አያያዘ ማለት ነው። አራት ሲሆን ወለል ይሆናል፣ ስምንት ሲሆን ግድግዳ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አይሱዙ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ጭነት ነው የጫነው?»

«ሽንኩርት። ወደ አዲስ አበባ ነው።»

ታላቁ ሳቀበት። «ጎማው አይዞርም ጋሼ! በዚህ እንዴት ጣርማ በርን ይወጣል?» ጎማው ከተጣለ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ነበር። ታናሹ ምንም አልመለሰም፤ ስንጥሩን አውጥቶ ጎማውን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አደረገና እንደገና ሰካው። ዞረ።

የቢሉንዱ አናጢ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1958 የፈታው ችግር ይኸው ነው፤ ሁለት ቁራሽ ነገር ያለ ማጣበቂያ ተያይዞ እንዲቆምና ሲፈለግ እንዲላቀቅ። የይፋት ልጅ የሚፈታው በሚበላ ነገር ነው። የአገዳው አይሱዙ መመሪያ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ የጎደለ ፍሬም አይኖረውም። ማታ ላሟ ትበላዋለች። የጭቃው በሬ ዝናብ ሲመጣ መሬት ይሆናል። የሽቦ መኪናው ብቻ ትንሽ ይቆያል፤ እሱም ሽቦው ለአጥር ሲፈለግ ይፈታል። ሰብሳቢ እዚህ ቢመጣ ምን ይሰበስባል? አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ትርኢቱን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል አደራጅቷል፤ ስለ ልጅነት የሚናገር ክፍልም አለው። ከእሱ ውጭ የእኛን መጫወቻ እንደ ቅርስ የያዘ ብዙ ቦታ የለም።

ልጁ ግንብ ሳይሆን አይሱዙ መሥራቱ አልገረመኝም፤ ልጅ የሚሠራው ያየውን ነው። የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ከተቀመጠበት ማሳ ራስጌ፣ ከደጋው ተዳፋት እንደ ጣት ተዘርግተው በሚወጡት ሸንተረሮች ላይ፣ እውነተኛ የመካከለኛ ዘመን የድንጋይ ከተሞች አሉ።

የይፋት ሱልጣኔት ታሪክ በአጭሩ ይሄ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ተነሣ። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው አጭር የዓረብኛ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ወላስማዎች በ1285 ከነሱ በፊት የነበረውን የሸዋን ሱልጣኔት ገልብጠው ያዙ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አል ዑመሪ የተባለ የደማስቆ ተወላጅ ስለ ኢትዮጵያ የሙስሊም ግዛቶች ጻፈ። እሱ ራሱ እዚህ መጥቶ አያውቅም፤ የሰማው ወደ ካይሮ ከሄዱ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነው። ሰባት ግዛት ቆጥሮ ከሰባቱ ትልቁ ይፋት ነው አለ። 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ አለው፤ የሚገበያየውም በግብፅ ዲናርና ድርሃም ነው። 15,000 ፈረሰኛ! የቢሉንዱ ሳጥን የያዘው አራት ፈረስ ነው።

የእነዚህ ፈረሰኞች ተቀናቃኝ ከደጋው ላይ ነበር። አፄ አምደ ጽዮን (1314–1344) በ1332 ገደማ ከይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ጋር የተዋጉበት ዘመቻ ዜና መዋዕል በግዕዝ ከተጻፉት የነገሥታት ታሪኮች ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደፎከረ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። የጸሐፊው ወገን የታወቀ ነው፤ ሱልጣኑ ያላለውን አሰኝቶትም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ነገሩ ትልቅ መረጃ ነው፤ የጫት ስም ከተጠቀሰባቸው ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ወላስማዎች እየተገፉ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ሱልጣን ሰዕደዲን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ልጆቹም የመን ተሰደው ተመልሰው አዲስ መንግሥት ጀመሩ። ይፋት ቆላ የቀረው ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩን በአዲስ ዓይን ያዩት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ናቸው። ፍራንሷ ዛቪየ ፎቬል፣ በርትራን ኢርሽና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ቆላውን አሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሦስት ከተሞች፣ ስለ አስበሪ፣ መሳልና ራሳ ጉባ፣ ጽሑፍ አወጡ። በኋላም የኖራን ከተማ አጠኑ። የአካባቢው ሰው፣ በተለይ አርጎባው፣ ቦታዎቹን ከጥንትም ያውቃቸዋል፤ ለእሱ አዲስ ግኝት አልነበሩም። ከተሞቹ ገደል በከበባቸው ሸንተረሮች ላይ ናቸው። የቤቶች መሠረት፣ የግቢ ግድግዳ፣ ውኃ የሚያቁሩበት ቦታ፣ መቃብርና መስጊድ አላቸው። የኖራ መስጊድ ግድግዳዎች ጣሪያቸው ቢጠፋም ከሰው ቁመት በላይ ቆመው ይታያሉ፤ ወደ መካ የሚያመለክተው ሚህራብ ከግድግዳው ውስጥ ተቀርጾ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይለያል። ይህን ግንባታ በሕይወት ማየት የፈለገ ሰው ከከሚሴ ወጣ ብላ በተራራ ጫፍ ላይ ወዳለችው የሾንኬ መንደር ይውጣ። አርጎባዎች እዚያ አንዱ የሌላውን ጣሪያ እንደ ደጃፍ እያደረገ በተደራረበ የድንጋይ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ሰብሳቢ በይፋት ኮረብታ ላይ ቢቆም መጀመሪያ የሚያስበው «ሙሉ አይደለም» ብሎ ነው። ትክክል ነው። ከፍሬዎቹ ብዙው የለም፤ ያለውም ከቦታው ተንቀሳቅሷል፤ የትኛውም ድንጋይ በላዩ ቁጥር አልተጻፈበትም። የቁፋሮ ሰዎች ሥራ ግን ከሰብሳቢው ሥራ በአንድ ነገር ይለያል። ሰብሳቢው የጎደለውን ፍሬ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ይሞላል። ቆፋሪው ይህን ካደረገ ቦታውን አጠፋው ማለት ነው። የወደቀው ድንጋይ የወደቀበት አቅጣጫ ራሱ መረጃ ስለሆነ ከመነሣቱ በፊት ይሣላል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል። አንድ ገበሬ ለእርከን ብሎ የወሰደው ድንጋይ በእኛ ዓይን እንዲሁ ድንጋይ ነው፤ በቆፋሪው ዓይን ከመመሪያው የተቀደደ ገጽ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ያነሣሁትን የጎደለ ነገር ልናገር። ቢሉንድ ከ1978 ጀምሮ ባወጣቻቸው የመካከለኛ ዘመን የግንብና የፈረሰኛ ሳጥኖች ውስጥ አንጥረኛ አለ፣ ጋጣ አለ፣ እስር ቤት አለ፣ የመጠጥ ቤት አለ፣ ሌሊት የሚያበራ መንፈስ እንኳ አለ። ቤተ ክርስቲያን የለም። የአውሮፓን መካከለኛ ዘመን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ተአምር ነው፤ ማንኛውም መንደር በደወሉ ድምፅ ሲኖር የነበረበት ዘመን ነውና። ኩባንያው ከቤተ ክርስቲያን ጋር ጠብ ኖሮት አይደለም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከከተማ ሕንፃዎቹ መካከል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሸጧል። ከጊዜ በኋላ ግን ሃይማኖት በጥንቃቄ ከእነዚህ የግንብ ሳጥኖች ወጣ። ዛሬ ማንም ሰው የራሱን ንድፍ ለኩባንያው የሚያቀርብበት ሌጎ አይዲያስ የሚባል መድረክ አለ፤ 10,000 ደጋፊ ያገኘ ንድፍ ለምርት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ 2,164 ፍሬ የመካከለኛ ዘመን አንጥረኛ ቤት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የመድረኩ ደንብ ግን ሃይማኖታዊ ምልክትን፣ ሕንፃንና ሰውን አይቀበልም።

ደንቡን አልነቅፈውም። ልጆች በመጫወቻ ምክንያት በእምነት እንዲጣሉ የሚፈልግ ማንም የለም፤ ኩባንያውም ዕቃውን የሚሸጠው በመላው ዓለም ነው። ነገር ግን ደንቡን በኢትዮጵያ መካከለኛ ዘመን ላይ ስናስቀምጠው ምን ይቀራል? ላሊበላ አይገባም። ኖራ አይገባም። የጣና ገዳማት፣ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይገቡም። ከዘመኑ ቆሞ የቀረልን ሁሉ ማለት ይቻላል ሃይማኖት ነው።

ቤተ መንግሥቱስ? የለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የደጋው ነገሥታት ከጎንደር በፊት ባለው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በግንብ አልኖሩም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ደረሰ አየናቸው በፓሪስ በ2009 የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ላይ ነው፤ ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው መንግሥት መቀመጫው የሚንቀሳቀስ የድንኳን ሰፈር መሆኑን፣ ሰፈሩም የራሱ ሥርዓት፣ ቀኝና ግራ፣ በርና አደባባይ እንደነበረው። ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲያይ በሺዎች የሚቆጠር ድንኳን እንዴት እንደ ከተማ ተሰናድቶ እንደሚተከል ተደንቆ ጻፈ። ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ይነሣል፤ የሚቀረው ሣሩ የተረገጠበት ቦታ ነው።

ይፋት ላይ የነበረው ልዩነት እንግዲህ የሚገርም ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ከላይ በጨርቅ ይኖራል፣ ሙስሊሙ ነጋዴ ከታች በድንጋይ። በአውሮፓ ሳጥን ውስጥ ድንጋይ የጦረኛ ነው፤ እዚህ ግን ድንጋይ የነጋዴና የመስጊድ፣ ጦረኛው የድንኳን ነው። ልጁ ግንቡን ከቦ እንዲይዝ የተሠራ ጨዋታ ይፋት ላይ ሊሠራ አይችልም። የደጋው ጦር የመጣው ግንብ ሊሰብር አይደለም፤ ከዘይላ ጨርቅና የተሠራ ዕቃ ይዞ የሚመጣውን፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይዞ የሚሄደውን የንግድ መንገድ ሊይዝ ነው። ባሪያውን ደግሞ በየትኛው ቀለም ፕላስቲክ ትቀርጸዋለህ? የቢሉንድ ሰዎች መካከለኛውን ዘመን ሲያሳንሱት ሃይማኖቱን ብቻ አላወጡም፤ የሰው ንግዱንም፣ ረኃቡንም፣ ወረርሽኙንም አውጥተዋል። የቀረው ፈረስ፣ ባንዲራና ድልድይ ነው። ለዚህም ነው ሰብሳቢዎች የሚወዱት፤ ማንም የማይሞትበት ዘመን ነውና። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያንን ቢጫ ግንብ ባገኘው አልጥለውም።

የሌጎ ገንዘብ ኢትዮጵያ የደረሰው ግን በሌላ በር ነው። የኩባንያው ፋውንዴሽን በ2019 መጨረሻ ለዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ያሉ ስደተኛ ልጆችና የሚያስጠጓቸው ማኅበረሰቦች ልጆች በጨዋታ እንዲማሩ ፕሌይማተርስ የሚባል ፕሮግራም ለማካሄድ። ገንዘቡ መጫወቻ ለመግዛት ሳይሆን በዋነኛነት መምህራንን ለማሠልጠን የታሰበ ነው፤ መምህሩም በአካባቢው ባለ ነገር፣ በድንጋይ፣ በቆርኪ፣ በአገዳ፣ ጨዋታ መሥራት ይማራል። የስንጥሩና የአገዳው ልጅ ይህን ያለ ሥልጠና ያውቃል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ የመድረኩን 10,000 ደጋፊ ከመለመን ይልቅ የምመርጠው አንድ ሥራ አለ። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ስድስተኛ ክፍልን ይዞ ኖራን ይሥራ፤ መስጊዱን ከነሚህራቡ፣ የድንጋዩን ግድግዳ ከሮቢ ጭቃ፣ የጣሪያውን ወራጅ ከማሽላ አገዳ፣ ከደጋው ጫፍ ላይ ደግሞ የአምደ ጽዮንን ድንኳኖች ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ። ደንቡ የሚከለክለው ሁሉ እዚህ ይፈቀዳል። የአርጎባው ልጅና የአማራው ልጅ ማን ሱልጣን፣ ማን ንጉሥ እንደሚሆን ይጨቃጨቃሉ፤ ይጨቃጨቁ። ለመመሪያ የሚሆነው የቁፋሮ ፕላን ታትሟል፤ ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ቢሆንም ሥዕሉ ስንዝር በስንዝር ይለካል፤ መምህሩ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል አንድ ቅጂ ቢጠይቅ፣ ከሸዋ ሮቢት የሁለት ሰዓት ገደማ የአውቶቡስ መንገድ ነው።